ኮንራድ ሽሉምበርዤ፤ የመሬትን ሆድ በኤሌክትሪክ የመረመረ ሰው

ከመሬት በታች ያለውን ለማወቅ መቆፈር ግድ ነው ይባል በነበረበት ዘመን፣ መሬትን በኤሌክትሪክ መጠየቅ ይቻላል ብሎ የተነሣ አንድ መምህር ነበር። ታሪኩን ለጓደኞቻችን ባጭሩ እናቀርባለን።

ኮንራድ ሽሉምበርዤ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በጀርመን ሥር በነበረችው በአልዛስ ተወለደ። ፓሪስ ተምሮ በ1907 ዓ.ም. በማዕድን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጨዋማ ውሃ የያዘ አሸዋ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ዘይት የያዘው ግን አጥብቆ ይከለክላል። ስለዚህ በሁለት የብረት ካስማዎች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልኮ፣ በመካከላቸው በተተከሉ በሌሎች ሁለት ካስማዎች ቮልቴጁን መለካት ነው። የውጪዎቹ ካስማዎች በተራራቁ ቁጥር ልኩ ስለ ጥልቁ ይናገራል። ኮንራድ ይህን ሐሳብ መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ አሸዋ በሞላበት የመዳብ ገንዳ ፈተነው፤ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ኖርማንዲ ወርዶ በሜዳ ላይ ሞከረው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919 ዓ.ም. አባቱ ጳውል ለእርሱና ለወንድሙ ለማርሴል ገንዘብ ሰጣቸው። የውሉ ቃል ግን የሚያስደንቅ ነው፤ የሳይንስ ጥቅም ከገንዘብ ጥቅም እንዲቀድም አዘዛቸው። በ1923 ዓ.ም. በሩማንያ ከመሬት በታች የተደበቀ የጨው ጉብታ ወሰኑን ለይተው አገኙ።

ይሁን እንጂ ችግር ነበረ። ቁጥሩ ብቻውን የድንጋዩን ስም አይናገርም። ቀጭን ሆኖ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ ንጣፍ፣ ወፍራም ሆኖ በመጠኑ ከሚያሳልፍ ንጣፍ ጋር አንድ ዓይነት ልክ ሊሰጥ ይችላል። ታዲያ የንጣፎቹ ወሰን የት ነው? ኮንራድ መልሱን በግምት አልዘጋውም፤ መለኪያውን ወደ ጉድጓዱ ማውረድን መረጠ። መስከረም 5 ቀን 1927 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አማቹ ሄንሪ ዶል ከባልደረቦቹ ጋር በአልዛስ በፔሽልብሮን የዘይት ጉድጓድ መሣሪያውን በገመድ አወረደ። በየሜትሩ እያቆሙ ለኩ፤ ነጥቦቹንም በእጅ ወረቀት ላይ አሰፈሩ። ድንጋዩ በተለወጠበት ሥፍራ መስመሩ ዘለለ፤ ወሰኑ ታየ።

ኮንራድ ከሶቪየት ኅብረት ሲመለስ በ1936 ዓ.ም. በስቶክሆልም ዐረፈ። የካስማዎቹ አተካከል ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በአገራችንም የከርሰ ምድር ውሃ ፈላጊዎች ይጠቀሙበታል።

እኛ የአርትስ ተማሪዎች ካስማ አንተክልም። ነገር ግን አንድን የታሪክ ጽሑፍ በሁለት መንገድ መተርጐም ሲቻል፣ ደስ ያለንን መርጠን ብዕራችንን እናስቀምጣለን። ኮንራድ ግን የራሱን ግምት ለጉድጓዱ ፍርድ አቀረበ። ከእርሱ የምንማረው ይህን ድፍረት ነው።