ያልደገመው ምልክት፦ የየቭጌኒ ዛቮይስኪ ሕይወት



ላቦራቶሪ ውስጥ ትናንት ያገኘነው ውጤት ዛሬ አልደግም ሲለን ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን ያማረውን ቁጥር መርጠን ሪፖርቱ ላይ እናሰፍራለን። የዛሬው ባለታሪካችን ግን እንዲህ አላደረገም።

የቭጌኒ ዛቮይስኪ እ.ኤ.አ. በ1907 በዛሬዋ ዩክሬን ከአንድ የጦር ሐኪም ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ በቮልጋ ወንዝ ዳር ወዳለችው፣ ታታር ሙስሊሞችም ወደሚኖሩባት ከተማ፣ ወደ ካዛን ተዛወረ። በ1926 ካዛን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በኋላም እዚያው የፊዚክስ መምህር ሆነ።

የብዙ አተሞች ኒውክለስ እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ጠንካራ ማግኔት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ መስኩ፣ ከፊሉ በተቃራኒው ይዞራል። ትክክለኛው የሬዲዮ ሞገድ ሲያገኘው ምልክት ይሰጣል፤ የሆስፒታሉ ኤም አር አይ የሚሠራው በዚሁ ነው። ችግሩ ሁለቱ ወገኖች እኩል ለእኩል ሊሆኑ ምንም አለመቅረቱ ነው። ምልክቱን የሚሰጠው ከመቶ ሺህ ውስጥ ጥቂት ብቻ የሆነው ትርፍ ነው።

ዛቮይስኪና ባልደረቦቹ አልትሹለርና ኮዚሬቭ በ1941 ይህን ደካማ ምልክት ፍለጋ ጀመሩ። ምልክቱ አንዳንዴ ታየ፣ አንዳንዴ ጠፋ፤ የማግኔታቸው መስክ ወጥ አልነበረም። ወዲያው ጦርነት መጣ። ከሞስኮና ከሌኒንግራድ የሸሹ የምርምር ተቋማት ዩኒቨርሲቲውን ሞሉት፤ ሥራውም ተቋረጠ። ዛቮይስኪ ያልደገመለትን ምልክት ግኝት ብሎ አላወጀም። ክብሩ በ1946 ምልክቱን በአሜሪካ ላገኙት ለብሎክና ለፐርሴል ሆነ፤ በ1952 ኖቤል ተሸለሙበት።

ዛቮይስኪ ወደ ሥራው ሲመለስ ፊቱን ወደ ኤሌክትሮን አዞረ። የኤሌክትሮን ማግኔትነት ከሃይድሮጅን ኒውክለስ 658 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በ1944 ከመዳብና ከማንጋኒዝ ጨዎች ግልጽ ምልክት አገኘ። ሞስኮ ውስጥ ተጠራጠሩት። እሱ ግን ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ካፒትሳ የሚመራው ተቋም ሄዶ መሣሪያውን እንደገና ሠራና ደግሞ አሳያቸው። ምልክቱ አሁን ደገመ።

በ1947 ወደ ሞስኮ ተዛውሮ በኒውክለርና በፕላዝማ ምርምር ሠራ። በ1957 የሌኒን ሽልማት አገኘ። ኖቤልን ሳያገኝ በ1976 አረፈ።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። በ1953 ኦቨርሃውዘር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ፣ ኤሌክትሮኖች በማይክሮዌቭ ሲነኩ ሥርዓታቸውን ለኒውክለስ ሊያካፍሉ እንደሚችሉ አሰላ። ትልልቆቹ ፊዚሲስቶች ቢጠራጠሩትም ካርቨርና ስሊክተር በሊቲየም ብረት ላይ ሞክረው እውነት መሆኑን አረጋገጡ።

ዛሬ ተመራማሪዎች ጠጣር ናሙናን እንደ ቶታፖል ካለ፣ ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ካሉት ውህድ ጋር ያዋህዳሉ። ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዘው ማይክሮዌቭ ይለቁበታል። ነገሩ ከመድረሳችን ጋር ይመሳሰላል፦ ጎበዙ ደረሳ ጀማሪውን ያስቀራል፣ ያም አጠገቡ ያለውን። ኤሌክትሮኑም ሥርዓቱን ለቅርቡ ኒውክለስ ይሰጣል፤ ከዚያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዳረሳል።

ምልክቱ መቶ እጥፍ ቢጨምር የመለኪያው ጊዜ አሥር ሺህ እጥፍ ያጥራል፤ ምክንያቱም ያለዚያ ጩኸቱን የምናሸንፈው ልኬቱን ደጋግመን በመደመር ብቻ ነው። አንድ ዓመት የሚፈጀው ሥራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል ማለት ነው። የፕሮቲኖችንና የካታሊስቶችን ገጽታ እንዲህ እያዩ ነው።

በ1941 ከዛቮይስኪ እጅ ያመለጠውን የኒውክለስ ምልክት ዛሬ የሚያጎላው፣ በ1944 እሱ ያሰማው ኤሌክትሮን ሆነ። በሞተ በዓመቱ የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሸልሞታል፤ ካዛን ያለ የፊዚክስ ተቋምም በስሙ ይጠራል።

እኛም አንድ ኦሲሎስኮፕ በቡድን የምንጋራ ተማሪዎች ነን። መሣሪያችን ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ሪፖርታችን ላይ የምንጽፈው ቁጥር ግን በእጃችን ነው። ካልደገመ አልደገመም ብለን እንጻፍ።