«የመስቀል አበባ»ን የሣሉት አፈወርቅ ተክሌ

ክረምቱ አልፎ ዮ ማስቃላ ሲቃረብ የጋሞ ደጋ በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። በዓሉን የሚያበሥረውን ይህን አበባ ለአንዲት ወጣት ሴት ሥዕል መጠሪያ ያደረጉት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው።

አፈወርቅ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ያለፈ ነበር። ከድል በኋላ አገሪቱ ባለሙያ አጥብቃ ትሻ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ዕድሜያቸው ያኔ 15 ዓመት ገደማ ነበር።

አገር መሐንዲስ ስትጠብቅ ብሩሽ ማንሣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሆኖም መምህሮቻቸው ተሰጥኦዋቸውን ተመልክተው አበረታቷቸው፤ በለንደን ሥነ ጥበብን አጥንተው፣ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ለመማር በቁ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመዲናዋ አልተቀመጡም። የሕዝቡን ኑሮና ታሪክ ለማወቅ በየጠቅላይ ግዛቱ ተዘዋወሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አቀረቡ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተመልሰው የመስታወት ሥዕልን ተማሩ፤ በዚያ የሚገኙ ጥንታዊ የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችንም መረመሩ።

በቀደመው የአገራችን ሥዕል ዋናው ስፍራ የቅዱሳንና የነገሥታት ነበር። በአውሮፓም እንደ ሬኗር ያሉ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊዎች የተራ ወጣት ሴቶችን ፊት በቀን ብርሃን መሣል ሲጀምሩ ብዙዎች ነቅፈዋቸው ነበር። የአፈወርቅ የአሣሣል ስልት ከእነርሱ የተለየ ቢሆንም፣ «የመስቀል አበባ» አንዲትን ኢትዮጵያዊት ወጣት የክብር ስፍራ ሰጥቷታል። ሥዕሉ በሶቪየት ኅብረት፣ በአሜሪካና በሴኔጋል ለዕይታ ቀርቧል።

በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን ያስጌጡት፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያላቸው የመስታወት ሥዕሎችም የእርሳቸው ሥራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። ከምድር ሆድ ሀብት እንዲያወጡ የተላኩት ልጅ፣ የአገራቸውን ሀብት በሕዝቧ ፊት ላይ አግኝተው ለዓለም አሳዩ። አደይም በየዓመቱ መስከረም በጠባ ቁጥር ያችን የሥዕል ወጣት ታስታውሳለች።