ሌን ባያስ፡- ሞቱ ሕግ ያስወጣው ኮከብ

እ.ኤ.አ በጁን 1986 የኳስ አፍቃሪው ዓይን ሁሉ ሜክሲኮ ላይ ነበር። ማራዶና እንግሊዝ ላይ አንዱን በእጁ፣ ሌላውን በእግሩ ከማስቆጠሩ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ሞተ። ሌን ባያስ ይባላል። ቅርጫት ኳስ ለማይከታተል ሰው ስሙ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አሜሪካኖች ግን ከማይክል ጆርዳን ጋር እያነፃፀሩ ያነሱታል።

ባያስ የተወለደው ኖቬምበር 18 ቀን 1963 ነው። ያደገው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው የሜሪላንዷ ላንድኦቨር ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲም ሲገባ ከሰፈሩ ብዙ አልራቀም፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን መረጠ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ነበር። እንዲህ የረዘመ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ሥራው ቅርጫቱ ስር መቆም ነው። እሱ ግን ከርቀትም ወርውሮ ያገባል፣ ሲዘል ደግሞ የሚወርድ አይመስልም። በ1985 እና በ1986 ተከታትሎ የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በፌብሩዋሪ 1986 ጆርዳን በተማረበት ኖርዝ ካሮላይና ሜዳ ላይ 35 ነጥብ ሲያስቆጥር የሠራው ጉድ እስካሁን ይወራል። ኳሷን ከርቀት አገባ፤ ወዲያው ተጋጣሚ ከመስመር ውጪ ሊያቀብል ሲል ነጠቀና ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ሰካት። ሜሪላንድ በጭማሪ ሰዓት አሸነፈ።

ኤንቢኤ እንደ እግር ኳሱ ገንዘብ ያለው ክለብ ያሻውን የሚያስፈርምበት አይደለም። አዲስ ተጫዋች በድራፍት ተራ ይመረጣል፣ ቅድሚያውም ለደካሞቹ ነው። ቦስተን ሴልቲክስ ግን ቀደም ሲል ተጫዋች ሰጥቶ የሲያትልን ተራ ወስዶ ነበርና፣ ሻምፒዮን በሆነ በ9 ቀኑ፣ ጁን 17፣ በሁለተኛ ተራ ባያስን መረጠ። ላሪ በርድ ያለበት ቡድን ላይ ባያስ ሲጨመር አስቡት! በማግስቱ ከአባቱ ጋር ቦስተን ሄዶ ከጫማ አምራቹ ሪቦክ ጋር ስለ ውል ሲነጋገር ዋለ። ማታ ተመለሰ።

ሌሊቱን ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ኮኬይን ወሰዱ። ሲነጋ ባያስ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሆስፒታል ቢደርስም ልቡ አልተመለሰም፤ ለጠዋቱ 3 ሰዓት 5 ደቂቃ ሲቀረው መሞቱ ተነገረ። ጁን 19 ነበር። ከ8 ቀን በኋላ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ዶን ሮጀርስ በዚያው በኮኬይን ሞተ።

በዚያን ሰሞን የአሜሪካ ከተሞች በክራክ ይታመሱ ነበር። ክራክ ሌላ ዕፅ አይደለም። የኮኬይን ዱቄት ከውሃና ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ተቀቅሎ ጠጠር ሲሆን ነው። ይጨሳል፣ ቶሎ ያሰክራል፣ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ዱቄቱ የባለገንዘብ፣ ጠጠሩ የድሃ ሰፈር ነበር። ብዙ ሰውም ባያስን የገደለው ክራክ ነው ብሎ ደመደመ። ጥቁር ወጣት፣ ኮኬይን፣ ሞት ሲባል ሌላ ነገር የሚያስብ ጠፋ። በ1987 ፍርድ ቤት የቀረቡት የቡድን ጓደኞቹ ግን የወሰዱት በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት እንደነበር ተናገሩ።

እስከዚያ ሕጉ ወጥቷል። የምክር ቤቱ አፈ ጉባዔ ቲፕ ኦኒል የቦስተን አካባቢ ተመራጭ ነበሩ፤ ሕዝባቸው በባያስ ሞት ደንግጧል፣ ምርጫም ደርሷል። ሕጉ በጥድፊያ ተረቅቆ ኦክቶበር 27 ቀን 1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ፈረሙበት። 5 ግራም ክራክ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያህል፣ ሲሸጥ የተያዘ ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰራል። በዱቄት ያንኑ 5 ዓመት ለማግኘት ግማሽ ኪሎ ያስፈልጋል። ዳኛው ቢያዝን እንኳ መቀነስ አይችልም። ባያስን የገደለው ዱቄት ሆኖ ሳለ ዱላው ያረፈው ባያስ ባደገባቸው ዓይነት ሰፈሮች ልጆች ላይ ነው። በ2006 በፌዴራል ፍርድ ቤት በክራክ ከተቀጡት ከ80 በመቶ በላይ ጥቁሮች ነበሩ።

አሰልጣኙ ሌፍቲ ድሪዘል በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። ሴልቲክስም ቀጣዩን ዋንጫ ለማንሳት 22 ዓመት ጠበቀ። የባያስ ቤተሰብ ሐዘን ግን በአንድ ሞት አላበቃም። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረው ታናሽ ወንድሙ ጄይ በዲሴምበር 1990 የገበያ ማዕከል አጠገብ በጥይት ተመቶ በ20 ዓመቱ ሞተና ከወንድሙ ጎን ተቀበረ። እናታቸው ወይዘሮ ሎኒዝ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ወጣቶችን መምከር ሥራቸው አደረጉት።

ሕጉን ለማስተካከል 24 ዓመት ፈጀ። በ2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት አዋጅ 5 ግራሙ ወደ 28 ግራም ከፍ አለ። ቀድሞ የታሰሩት የዚህ ተጠቃሚ እንዲሆኑ የተፈቀደው በ2018 ነው። 100 ለ1 የነበረው ልዩነት 18 ለ1 ሆነ እንጂ እኩል አልተደረገም።