ኢሊያ ሜችኒኮፍ

እሾህ ሲወጋችሁ ቦታው ቀልቶና አብጦ መግል ሲቋጥር አይታችኋል። መግሉ በአብዛኛው የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ክምችት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ወደ ቍስሉ የሚመጡት ለምን እንደ ሆነ ያስረዳው ሰው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ይባላል።

ሜችኒኮፍ በ1845 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በካርኮፍ አካባቢ፣ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር ተወለደ። ትምህርቱን ፈጥኖ ጨርሶ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት መምህር ሆነ። ትዳሩ ግን አልቀናውም። በ1869 ያገባት ሉድሚላ ሳንባ ነቀርሳ ስላደከማት ለሠርጓ ቤተ ክርስቲያን የደረሰችው በወንበር ተሸክመዋት ነው። በ1873 ማዴይራ ደሴት ላይ ሞተች።

በ1882 መምህርነቱን ትቶ ከሁለተኛ ሚስቱ ከኦልጋ ጋር ሲሲሊ ውስጥ ወዳለችው ወደ መሲና ሄደ። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሰርከስ ለማየት ሲወጣ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ብቻውን ቀረ። የሚመለከተው እንደ መስተዋት ውስጡ የሚታይ የባሕር ኮከብ እጭ ነበር። በውስጡ የሚንከራተቱት ሕዋሳት ባዕድ ነገር ቢገባባቸው ምን ያደርጉ ይሆን ብሎ አሰበና ከግቢው ትንንሽ እሾህ ቀጥፎ በእጩ ላይ ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ሕዋሳቱ እሾሁን ከብበውት አገኘ።

ሕዋሳቱ ፋጎሳይት ተባሉ፤ በሊታ ሕዋስ ማለት ነው። ብዙ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም፤ ነጭ ሕዋሳት ጀርሙን በየአካሉ አዙረው የሚዘሩ ይመስላቸው ነበርና። ሌሎችም ሰውነትን የሚጠብቀው የደም ፈሳሽ እንጂ ሕዋስ አይደለም ብለው ተከራከሩ። በ1908 ሜችኒኮፍ የኖቤልን ሽልማት የተካፈለው ከዚሁ ከፈሳሹ ወገን ከነበረው ከፓውል ኤርሊኽ ጋር መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ሁለቱም ወገን እውነት ነበረውና።

በሊታዎቹ ሁልጊዜ ያሸንፋሉ ብላችሁ ግን አታስቡ። የሳንባ ምች ባክቴሪያ በሚያንሸራትት ሽፋን ተጀቡኖ ከመዋጥ ያመልጣል። የሳንባ ነቀርሳ ባሲል ዘዴው ከዚህ የረቀቀ ነው፤ አይሸሽም፣ ይዋጣል። በሊታው ሕዋስ የዋጠውን በከረጢት ይይዛል፤ ከዚያ የሚያሟሙ ኢንዛይሞች የሞሉበት ሌላ ከረጢት መጥቶ ይቀላቀለዋል። ባሲሉ ይህን መቀላቀል ያግድና ሊፈጭበት በተገባው ቦታ ተቀምጦ ይራባል። ሉድሚላን የገደለው ባሲል የሚሸሸገው፣ ባሏ ጠባቂ ናቸው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ በተሟገተላቸው ሕዋሳት ውስጥ ነው። ይህ የከረጢቶቹ ነገር በምርምር የተገለጠው በ1971 ሲሆን፣ ሜችኒኮፍ ፓሪስ ውስጥ ከሞተ 55 ዓመት ሆኖት ነበር። አመዱም በሠራበት በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።