እግር የከዳቸው መሪ
(የፍራንክሊን ሩዝቬልት የሕይወት ታሪክ)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሰበታን ያገኛል። በዚህች ከተማ የታወቀ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በዚያም የዓይን ብርሃን የተነፈጋቸው ልጆች በወረቀት ላይ ነቁጥ ነቁጥ ሆኖ የሚታተመውን የብሬል ፊደል በጣታቸው እየዳሰሱ ንባብና ጽሕፈት ሲማሩ ኖረዋል። ከእነርሱም መካከል ለከፍተኛ ትምህርት የበቁ፣ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች የሆኑ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በሰበታም ሆነ በቡራዩ፣ በሱሉልታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ አካሉ የተጎዳ ልጅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ እንዲገባ የሚደረግበት ቤት ለብዙ ዘመን ነበረ። ወላጅ ልጁን የሚደብቀው ስለሚጠላው አይደለም፤ የሰው ዓይንና የሰው አፍ ስለሚያስፈራው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነበው እግራቸው ከከዳቸው በኋላ አንድን ታላቅ አገር ከ12 ዓመት በላይ የመሩ ሰው ታሪክ ነው። እኒህ ሰው የዩናይትድ ስቴትስ 32ኛው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ናቸው። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዝቬልት ጥር 30 ቀን 1882 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ በሐድሰን ወንዝ አጠገብ በምትገኘው ሃይድ ፓርክ ተወለዱ። አባታቸው ጄምስና እናታቸው ሣራ ባለጸጎች ነበሩ። ለእናታቸው አንድ ልጅ ስለነበሩ በእንክብካቤ አደጉ። እስከ 14 ዓመታቸው ድረስ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በቤታቸው ከተቀጠሩ መምህራን ዘንድ ነበር። ከዚያም በኋላ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ዋና፣ ፈረስ ግልቢያና የመርከብ ቀዘፋ ይወዱ ነበር። ይህን ያህል አካላቸውን የሚያዙ ሰው አንድ ቀን ከወንበር ለመነሣት የሰው እጅ ይሻሉ ብሎ የገመተ አልነበረም።

በ1905 የሩቅ ዘመዳቸውን ኤሊኖር ሩዝቬልትን አገቡ። የኤሊኖር አባት ቀደም ሲል ሞተው ስለነበር ሙሽራይቱን የዳሯት አጎቷ፣ የጊዜው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበሩ። ቴዎዶር ሩዝቬልት ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደሉም። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1903፣ ሮበርት ስኪነር የተባለው መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የመጀመሪያውን የንግድ ስምምነት ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተፈራርሟል።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1910 በዲሞክራቲክ ፓርቲ በኩል ለኒው ዮርክ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረጡ። ከ1913 እስከ 1920 በባሕር ኃይል ሚኒስቴር ምክትል ሆነው አገለገሉ። በ1920 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ፓርቲያቸው ቢሸነፍም ስማቸው በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ዕድሜያቸው ገና 38 ስለነበር የወደፊቱ መንገድ የተጠረገላቸው ይመስል ነበር።

ነገር ግን በነሐሴ ወር 1921 ከቤተሰባቸው ጋር በካናዳ ደሴት ላይ ዕረፍት በማድረግ ላይ ሳሉ ድንገት ታመሙ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላቸው፤ ቀጥሎም ትኩሳት ያዛቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከወገባቸው በታች ያለው አካላቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪሞች በሽታው ፖሊዮ፣ በእኛ አገር ልምሻ የሚባለው፣ መሆኑን አረጋገጡ። ልምሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ሕፃናትን ነው፤ ሩዝቬልት ግን በ39 ዓመታቸው ተያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ድጋፍ ቆመው አልሄዱም።

በዚህ ጊዜ በቤተሰቡ ውስጥ ክርክር ተነሣ። እናታቸው ልጃቸው ወደ ሃይድ ፓርክ ተመልሶ በአባቱ ርስት ላይ በጸጥታ እንዲኖር ፈለጉ። ሐሳባቸው ከእናት ፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ ያው እንግዳ ሲመጣ ልጅን ወደ ጓዳ እንደ ማስገባት ነበር። ባለቤታቸው ኤሊኖርና የቅርብ ረዳታቸው ሉዊስ ሃው ግን እግሩ ቢደክም አእምሮውና ድምፁ አልደከሙም ብለው ተከራከሩ። ኤሊኖር በተፈጥሮዋ ዓይን አፋር ብትሆንም የባሏን ስም ሕዝቡ እንዳይዘነጋው ስትል በስብሰባዎች ላይ መናገርን ተማረች። ሩዝቬልትም ለሥራ መመለስን መረጡ።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። እግራቸውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የብረት ድጋፍ ከዳሌ እስከ ተረከዛቸው ታሠረላቸው። በምርኩዝ ጥቂት እርምጃ ለመራመድ ለወራት ተለማመዱ፤ ሲወድቁም ተነሥተው እንደ ገና ሞከሩ። በ1924 በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ በምርኩዝ እየተራመዱ ወደ መድረኩ ወጥተው ንግግር ሲያደርጉ የተመለከተ ሁሉ ተደነቀ። በዚያው ዓመት በጆርጂያ ክፍለ ሀገር የምትገኘውን ዎርም ስፕሪንግስ የተባለች የፍል ውሃ መንደር ጎበኙ። ውሃው በሽታውን ባያድንም ሰውነትን ስለሚያቀል፣ የደከመውን ጡንቻ ለማንቀሳቀስ ይረዳ ነበር። በ1926 ስፍራውን ገዝተው ለልምሻ ሕሙማን ሕክምና እንዲውል አደረጉ። ይሁን እንጂ በጊዜው በነበረው የዘር ልዩነት ምክንያት ጥቁር ሕሙማን በዚያ አይታከሙም ነበር። ይህም ጉድለት ከበጎው ሥራ ጋር አብሮ ሊወሳ ይገባዋል።

በ1928 የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ባንኮች ከሠሩ፤ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ሆነ። ሩዝቬልት በ1932 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው አሸነፉ፤ በመጋቢት ወር 1933 ሥልጣን ሲይዙም ሕዝቡ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባንኮች ሁሉ ለጊዜው እንዲዘጉና ጤናማዎቹ ተመርምረው እንዲከፈቱ አደረጉ። በራዲዮም፣ አንድ አባት በምድጃ ዙሪያ ከልጆቹ ጋር እንደሚጨዋወት ባለ ቀላል ቋንቋ፣ መንግሥት ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ ለሕዝቡ አስረዱ።

«ኒው ዲል» በተባለው ፕሮግራማቸው ሥራ አጥ ወጣቶች ዛፍ እንዲተክሉና አፈር እንዲጠብቁ ተደረገ፤ በቴኔሲ ሸለቆም ግድቦች ተሠሩ። በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለአረጋውያን ጡረታ፣ ሥራ ላጡም ዋስትና እንዲኖር ከማድረጉ በላይ ለችግረኛ ዓይነ ስውራንና አካላቸው ለተጎዳ ሕፃናት እርዳታ የሚሰጥበትን መንገድ ከፈተ። ችግሩ ግን ፈጥኖ አልተወገደም። በ1937 ኢኮኖሚው እንደ ገና ተዳከመ፤ ሥራ አጥነት ፈጽሞ የቀነሰው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካዎችን ካንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

በዚሁ ዘመን ኢትዮጵያ ታላቅ ፈተና ደረሰባት። ፋሽስት ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራችንን ወረረች። የአሜሪካ ኮንግሬስ ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ ለሚዋጉ ወገኖች ሁሉ የጦር መሣሪያ መሸጥን የሚከለክል የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ነበር። ሩዝቬልትም ሕጉን በሥራ ላይ አዋሉት። ሕጉ ለወራሪውም ለተወራሪውም እኩል ቢመስልም ፍርዱ እኩል አልነበረም፤ ኢጣልያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ሲኖሯት ኢትዮጵያ አልነበራትም። ነዳጅ ዘይትም በክልከላው ውስጥ ስላልገባ የኢጣልያ መኪናዎችና አውሮፕላኖች አልቆሙም። በሌላ በኩል ግን፣ ብዙ መንግሥታት ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ያወጀችውን ግዛት ሲቀበሉ፣ የሩዝቬልት መንግሥት ሳይቀበል ቀረ።

ሩዝቬልት በ1936፣ በ1940 እና በ1944 በድጋሚ ተመረጡ። ከእርሳቸው በፊት ከሁለት ጊዜ በላይ የተመረጠ ፕሬዚዳንት አልነበረም፤ ከእርሳቸውም በኋላ፣ በ1951 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ማንም ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ተወሰነ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጃፓን በፐርል ሃርበር ላይ አደጋ ስትጥል አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ገባች። በየካቲት 1942 ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአገሩ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ያለ ፍርድ ከቤታቸው ተነሥተው በካምፕ ታጎሩ። የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ በደል ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው።

ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ሩዝቬልት በያልታ ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ተሰበሰቡ። ከዚያም ሲመለሱ በግብፅ፣ በስዌዝ ቦይ መሥመር በሚገኘው በታላቁ መራራ ሐይቅ፣ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጉዘው የኤርትራን፣ የባሕር በርንና የጅቡቲን ምድር ባቡር ጉዳይ አቀረቡ። በዚያ ቀን በተነሣው ፎቶግራፍ ሁለቱ መሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ከአሥር ዓመት በፊት መሣሪያ የተነፈገች አገር መሪ አሁን ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋር ፊት ለፊት ተነጋገረ። ይሁንና ጥያቄዎቹ በዚያ ቀን መልስ አላገኙም፤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1952 ነው።

ሩዝቬልት ከዚህ በኋላ የኖሩት ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 በዎርም ስፕሪንግስ ሳሉ በጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። የጀርመንን እጅ መስጠት አላዩም፤ በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመውን፣ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበትን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትንም አልደረሱበትም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። ሕዝቡ ሩዝቬልት በልምሻ ታመው እንደ ነበር ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን መራመድ እንደማይችሉ አብዛኛው ሰው አልተገነዘበም። ረዳቶቻቸው ከመኪና ሲያወርዷቸው ፎቶግራፍ እንዳይነሣ ይጠነቀቁ ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያሳዩ ፎቶግራፎችም እጅግ ጥቂት ናቸው። በእግራቸው ላይ ስለሚታሠረው ብረት ክብደት በኮንግሬስ ፊት በግልጽ ያነሡት ሊሞቱ ስድስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ከያልታ መልስ ተቀምጠው በተናገሩ ጊዜ ነበር። ከጓዳ ወጥተው ፕሬዚዳንት ቢሆኑም ወንበራቸውን በጓዳ ትተው ነበር ማለት ይቻላል። የፈሩትም እናታቸው የፈሩትን፣ ማለትም የሰውን ዓይን ነው።

ለሩዝቬልት በዋሽንግተን የተሠራው የመታሰቢያ ስፍራ በ1997 ሲመረቅ፣ አካል ጉዳተኞች ወንበሩ በግልጽ አልታየም በማለት አቤቱታ አሰሙ። ገንዘብም ተሰብስቦ በ2001 በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡበት ሐውልት በመግቢያው ላይ ቆመ። ሩዝቬልት በልምሻ ላይ የጀመሩት ዘመቻም ፍሬ አፍርቶ፣ እርሳቸው የመሠረቱት ድርጅት የደገፈው የዶክተር ሳልክ ክትባት ውጤታማነት በ1955፣ ልክ በሞቱበት ቀን በአሥረኛው ዓመት፣ ለዓለም ተነገረ።

እንግዲህ የሩዝቬልት ሕይወት የሚያስተምረን፣ መሪን የሚሠራው እግር አለመሆኑን ብቻ አይደለም። እርሳቸው ሀብት፣ ትምህርትና የሚከራከርላቸው ቤተሰብ ነበራቸው። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩ ኖሮ ያው ሰው በሃይድ ፓርክ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ በቀረ ነበር። ስለዚህ በየጓዳው ያለው ልጅ የሚጎድለው ችሎታ ሳይሆን የሚከራከርለት ሰው ሊሆን ይችላል። በሰበታ በብሬል የተማሩት ልጆች ያንን ሰው አግኝተዋል። ላላገኙት ደግሞ ጎረቤትና የክፍል ጓደኛ፣ ማለትም እናንተ፣ ልትሆኑላቸው ትችላላችሁ።

መልመጃ

1. የሩዝቬልት እናትና ባለቤታቸው ኤሊኖር ስለ ወደፊት ኑሯቸው የነበራቸውን የተለያየ ሐሳብ በአንድ አንቀጽ አነጻጽሩ።
2. የ1935ቱ የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ወገን እኩል መስሎ እኩል ያልነበረው ለምንድን ነው?
3. በምትኖሩበት ከተማ ወይም ቀበሌ አካል ጉዳተኛ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይደርስ የሚያግደውን አንድ ነገር መርጣችሁ መፍትሔውን የሚያመለክት ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።