ድዋይት አይዘንሃወር እና የ«አቶም ለሰላም» መርሐ ግብር

ድዋይት ዴቪድ አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ዴኒሰን ከተማ ተወልደው በካንሳስ ግዛት አቢሊን ከተማ አደጉ። እናታቸው በእምነታቸው ምክንያት ጦርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ቢሆኑም፣ እርሳቸው ውትድርናን መርጠው በ1915 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲን ዘመቻ የመሩ ሲሆን፣ በ1953 የአሜሪካ 34ኛው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በወቅቱ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር ጦር መሣሪያ ይፎካከሩ ነበር። አይዘንሃወር ዲሴምበር 8 ቀን 1953 ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባቀረቡት ሐሳብ፣ አገራት ከዩራኒየም ክምችታቸው ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት እንዲያዋጡና ይህም ለግብርና፣ ለሕክምና እና ለኤሌክትሪክ ኃይል እንዲውል ጠየቁ። በቀጣዩ ዓመት የአገራቸው የአቶሚክ ኃይል ሕግ ተሻሽሎ፣ እስከዚያ በምስጢር ተይዞ የቆየውን ዕውቀት ለሌሎች አገራት ማካፈል ተፈቀደ።

በ1957 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መቀመጫውን በቪየና አድርጎ ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አባል ሆነች። ይሁን እንጂ የታሰበው የጋራ የዩራኒየም ክምችት በፕሬዚዳንቱ ዘመን በታቀደው መጠን አልተሳካም። ኃያላኑ መንግሥታት ወዳጅ ለማፍራት ሲሉ የሁለትዮሽ ስምምነትን መረጡ። አሜሪካ ለበርካታ አገራት የምርምር ሪአክተር ስትሰጥ፣ ሶቪየት ኅብረትም በግብፅ ኢንሻስ ሪአክተር ገነባች።

አይዘንሃወር ማርች 28 ቀን 1969 አረፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሕንድ፣ ካናዳ በሰጠቻትና አሜሪካ ከባድ ውሃ ባቀረበችለት ሪአክተር የተመረተ ፕሉቶኒየም ተጠቅማ የኑክሌር ሙከራ አካሄደች። ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ ለመጠቀም የተገባው ቃል ያለ ጥብቅ ቁጥጥር በቂ እንዳልሆነ ይህ ክስተት አሳየ፤ አቅራቢ አገራትም ወደ ውጭ በሚላኩ የኑክሌር ቁሳቁሶች ላይ የጋራ መመሪያ ለማውጣት ተገደዱ።

የፕሬዚዳንቱ ውጥን ዛሬም በሁለት ገጽታው ይታያል። በአንድ በኩል የካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምና ያገኛሉ፤ በኢትዮጵያ ደቡባዊ ስምጥ ሸለቆም የቆላ ዝንብን ለመከላከል በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦች ተለቀዋል። በሌላ በኩል የኤጀንሲው መርማሪዎች የኑክሌር ቁሳቁስ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል ይቆጣጠራሉ። የቴክኖሎጂው ጥቅም ለዜጎች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚደርሰው አቅርቦትና ቁጥጥር ጎን ለጎን ሲሄዱ መሆኑን የአይዘንሃወር ውጥን ታሪክ ያስገነዝባል።