በርትራም ብሮክሃውስና ባለ ሦስት ዛቢያው ስፔክትሮሜትር

የመዳብ ኦክሳይድ ልዕለ አስተላላፊዎችን መግነጢሳዊ ንቅናቄ በኒውትሮን ብትነት የሚያጠና ተመራማሪ ከሚገለገልባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው በ1950ዎቹ በካናዳ ቾክ ሪቨር ተሠራ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሠሪው በርትራም ብሮክሃውስ ልዕለ አስተላላፊነትን ፍለጋ አልተነሡም፤ የመዳብ ኦክሳይዶቹ ጉዳይ ሲነሣ እርሳቸው ጡረታ ወጥተው ነበር።

ብሮክሃውስ በ1918 በአልበርታ ግዛት ሌዝብሪጅ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በካናዳ ባሕር ኃይል ገብተው ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ሞገድ የሚለየውን መሣሪያ ያድሱ ነበር። ወደማይታይ ነገር አንዳች ልኮ ከሚመለሰው የነገሩን ጠባይ ማንበብ የኋላ ሥራቸውም ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1950 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጥናታቸው ጫናና ሙቀት በፌሮማግኔቶች ላይ የሚያመጡትን ለውጥ የሚመለከት ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ ቾክ ሪቨር ሄዱ። ክሊፎርድ ሸልና ኧርነስት ዎላን በኦክ ሪጅ ኒውትሮንን በትነው አቶሞች የት እንደሚገኙ ያጠኑ ነበር። ብሮክሃውስ ግን አቶሞችና ስፒኖች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ለማወቅ ፈለጉ። ለዚህ ኒውትሮኑ አቅጣጫውን መለወጡ ብቻ ሳይሆን ስንት ኢነርጂ እንደሰጠ ወይም እንደወሰደ መለካት አለበት፤ እንዲህ ያሉ ኒውትሮኖች ደግሞ እጅግ ጥቂት ናቸው። መሣሪያው ይህን የሚፈታው በሦስት የመዞሪያ ዛቢያዎች ነው። በመጀመሪያው ላይ ያለው ክሪስታል የሚገባውን ኒውትሮን ኢነርጂ ይመርጣል፤ በሁለተኛው የሚጠናው ናሙና ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ላይ ያለው ክሪስታል የሚወጣውን ይመዝናል። ማዕዘኖቹን በመለዋወጥ ተመራማሪው የፈለገውን ሞመንተምና ኢነርጂ ነጥብ በነጥብ ይለካል። በዲሴምበር 1952 የኑክሌር ማብላያው አደጋ ደርሶበት ከአንድ ዓመት በላይ ሲዘጋ፣ ብሮክሃውስ ሥራቸውን ለጊዜው በአሜሪካ ብሩክሄቨን ቀጠሉ።

በ1955 ከአሌክ ስቱዋርት ጋር በአሉሚኒየም ውስጥ የአቶሞችን ሞገድ፣ በ1957 በማግኔታይት ውስጥ የስፒን ሞገድን ለኩ። ሁለተኛው ለማግኔቲዝም ጥናት በር ከፋች ነው። በሞላሌ ደጋ የገብስ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ አንዱ ዛላ ጎንበስ ሲል ጎረቤቱ ተከትሎት እንደሚጎነበስ፣ ስፒኖችም የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ መዘንበል ወደ ሌላው ይሻገራል። የሞገዱ ኢነርጂ ከርዝመቱ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው መስመር የስፒኖቹን ትስስር ጥንካሬ ይናገራል።

በ1962 ወደ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው እስከ 1984 አስተማሩ። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር በላንታነም፣ ባሪየምና መዳብ ኦክሳይድ ውስጥ ልዕለ አስተላላፊነትን አገኙ። ኒውትሮን ወዲያው እንዳሳየው የውህዱ መነሻ የሆነው ላንታነም መዳብ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ጎረቤታሞቹ ስፒኖች ተቃራኒ አቅጣጫ የያዙበት አንቲፌሮማግኔት ነው። በ1991 ፈረንሳዊው ዣን ሮሳ ሚኞና ባልደረቦቹ በኢትሪየም ባሪየም መዳብ ኦክሳይድ ውስጥ በ41 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የሚታይ መግነጢሳዊ ንቅናቄን ዘገቡ። ንቅናቄው ቁሱ ልዕለ አስተላላፊ ሲሆን ጎልቶ ይወጣል። ይህ ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምረው ኃይል አሻራ ይሁን ወይስ የመጣመሩ ውጤት አከራካሪ ነው፤ መጉላቱ ብቻውን መንስኤነቱን አያስረዳም። ኒውትሮን ትልልቅ ክሪስታል ይፈልጋል፤ በስስ ንጣፍና በጥቃቅን ናሙና ላይ ግን የራጅ ብትነት ዛሬ ያግዘዋል።

ብሮክሃውስ የኖቤል ሽልማትን ከሸል ጋር የተካፈሉት በ1994፣ በ76 ዓመታቸው ነው። ዎላን በ1984 አርፈው ስለነበር አልተካፈሉም፤ ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥምና። ብሮክሃውስ በ2003 በሃሚልተን ከተማ አረፉ።